አህጉር በምን ጉልበት ይሰነጠቃል?

አህጉርን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይልና መሬት ለዚህ ሥራ ያላት ኃይል አይመጣጠኑም። የአህጉር ፕሌት ቀዝቃዛና ወፍራም ነው። ከላይኛው ቅርፊት አንሥቶ እስከ ጠንካራው የማንትል ክፍል ድረስ የተያያዘው ይህ አለት ሊቶስፌር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጎትቶ ለሁለት ለመክፈል በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ በአሥር ትሪሊዮኖች የሚቆጠር ኒውተን ይጠይቃል። ፕሌቶችን ለመለጠጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ትሪሊዮን ኒውተን ብዙም አያልፍም። በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ እስከ ዛሬ ተያይዘው በኖሩ፣ ቀይ ባሕርም ባልተከፈተ ነበር።

የጎደለውን ጉልበት የሚሞላው ምንድን ነው? ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጎላ የመጣው መልስ ከሥር የሚወጣው ቅልጥ አለት፣ ማለትም ማግማ፣ ነው የሚል ነው። ለዚህ መልስ ጠንካራው ማስረጃ የተሰበሰበው ደግሞ እዚሁ አገራችን፣ በአፋርና በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በእኔ እይታ መልሱ ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ግማሹ ብቻ ይነገራል። ማግማ ፕሌትን የሚያላላው ትኩስ ሳለ ነው። ከጠጠረ በኋላ ያንኑ ፕሌት መልሶ ሊያጠነክረው ይችላል። ስለዚህ «ማግማ አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በምን ፍጥነት፣ ለምን ያህል ጊዜና ወደ ምን ዓይነት ፕሌት ነው የሚገባው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የተረጋጋ የሚባለው ፕሌት ለምን እንደሚረጋጋ እንመልከት። በየአህጉሩ መሃል ክራቶን የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆኑ ጥንታዊ ክፍሎች አሉ። የታንዛኒያ፣ የኮንጎና የካላሃሪ ክራቶኖች የአፍሪካ አጥንቶች ናቸው። ከሥራቸው ያለው የማንትል ሥር እስከ 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አለት ከባድ ስለሆነ ይህን የሚያህል ሥር ከጊዜ ብዛት ተገንጥሎ መስመጥ ነበረበት። አሜሪካዊው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ቶማስ ጆርዳን በ1970ዎቹ ያቀረበው ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ሥሩ ከረጅም ዘመን በፊት ብዙ ቅልጥ ስለወጣለት ብረት የቀነሰና ቀለል ያለ አለት ሆኗል፤ ቅዝቃዜው የሚጨምርበትን ክብደት ይህ ቅለት ያካክስለታል። በዚያ ላይ ደረቅ ነው። በማንትል ማዕድናት ውስጥ እጅግ ጥቂት ውሃ መኖሩ እንኳ አለቱን በብዙ ያላላዋል፤ ውሃ ያጣ አለት ግን ግትር ነው። እንግዲህ የክራቶን ጥንካሬ ሦስት ምሰሶዎች አሉት፤ ቅዝቃዜ፣ ቅለትና ድርቀት። ከሥር የሚመጣ ማግማ ሦስቱንም ሊያጠቃ ይችላል፤ ያሞቃል፣ ብረትና ካልሲየም መልሶ ይጨምራል፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የታተሙ ሁለት ጽሑፎች የክርክሩን መስመር ለብዙ ዓመታት ወስነዋል። የካምብሪጁ ዳን ማኬንዚ ተፋሰሶች እንዴት እንደሚፈጠሩ ሲያስረዳ ፕሌቱ በመጀመሪያ ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ከዚያም ከሥሩ ያለው የጋለ ማንትል ወደ ላይ ይነሣል አለ። ማንትል የሚቀልጠው ሙቀት ስለተጨመረበት ብቻ አይደለም፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጭምር ነው። በዚህ አተያይ ማግማ የመለጠጥ ውጤት እንጂ መንሥኤ አይደለም። በዚያው ዓመት የጂኦሎጂ ሊቃውንቱ ሼንጎርና ኬቨን በርክ ስምጥ ሸለቆዎችን በሁለት ከፈሏቸው፦ ከሥር በመጣ የጋለ ማንትል ተገፍተው የሚከፈቱና ከሩቅ በመጣ መጎተት የሚከፈቱ። ይህ ክፍፍል ለመማሪያ መጽሐፍ ይመቻል። መሬት ላይ ሲፈተሽ ግን ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ አልተቻለም፤ የአገራችን ስምጥ ሸለቆም ለየትኛውም ወገን ሙሉ በሙሉ አልገዛም።

ጎሃ ፅዮንን አልፎ ወደ ደጀን የተጓዘ ሰው የአገራችንን የማግማ ታሪክ በዓይኑ ማንበብ ይችላል። የአባይ በረሃ ግድግዳ ከታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ የኖራ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቁር ባዛልት ያሳያል። ያ ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በተሰነጠቀ መሬት ውስጥ ወጥቶ እንደ ጎርፍ የፈሰሰ ላቫ ነው። በየመንም የዚያው ላቫ ወንድም አለ፤ በዚያ ዘመን ሁለቱን የሚለይ ባሕር ስላልነበረ። የፈሰሰው መጠን 350,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ፣ የሸፈነው ስፋትም 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እንደነበር ይገመታል፤ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የዕድሜ ልኬት አብዛኛው የወጣው አንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል በሚሆን አጭር ጊዜ ውስጥ እንደሆነ አሳየ። ሰሜን፣ ጮቄና ጉና ከዚህ በኋላ በላዩ የተነሡ ሰፋፊ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው።

ይህን ያህል ማግማ በአጭር ጊዜ ለመፍጠር ከተለመደው የሞቀ ማንትል ያስፈልጋል። ከዚያ ዘመን የቀሩት ላቫዎች ኬሚስትሪና የርዕደ መሬት ሞገዶች ከአገራችን ሥር የሚያሳዩት መዘግየት ሁለቱም ወደዚያው ይመራሉ። ሞገዶቹ በኢትዮጵያ ሥር የሚጓዙት በዓለም ላይ ከተለኩት ሁሉ ዝግተኛ ከሚባሉት ጋር በሚመደብ ፍጥነት ነው። ይህ አለቱ እጅግ የጋለና በከፊል የቀለጠ መሆኑን ያመለክታል። ምንጩ ከደቡባዊ አፍሪካ ሥር፣ ከመሬት እምብርት ድንበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያዘነበለ ከሚወጣው ግዙፍ የጋለ ማንትል ጋር የተያያዘ ነው የሚለው ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት አለው። አንድ ዐምድ ነው ወይስ ብዙ የሚለው ክርክር ግን ገና አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2025 በኤማ ዋትስ መሪነት የታተመ ጥናት ከአፋርና ከአካባቢው ከ130 በላይ የእሳተ ገሞራ አለት ናሙናዎችን መርምሮ የሚወጣው ማንትል አንድ ወጥ ሳይሆን በየተራ እየተነሣ የሚመጣ መሆኑን፣ የየስምጥ ሸለቆው ቅርንጫፍ ፕሌት ስስነትና የመከፈት ፍጥነትም አወጣጡን እንደሚቀርጸው አመልክቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንትል ፕሌቱን ያላላል፣ ፕሌቱም በተራው ማንትሉ በየት በኩል እንደሚወጣ ይወስናል ማለት ነውና።

አሁን ግን አንድ የማይመች ጥያቄ ይነሣል። ያ ሁሉ ላቫ ከወጣ የኢትዮጵያ አምባ ለምን በመሃሉ አልተሰነጠቀም? ስንጥቁ የሄደው በጎኑ፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። የሰሜኑ የዋናው ስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ደግሞ ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው መከፈት የጀመረው፤ ከታላቁ የላቫ ጎርፍ በኋላ ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ዘግይቶ። ዓረቢያ ቶሎ የተገነጠለችው ከሰሜን በኩል የሚጎትታት ስለነበረ ነው። በዚያ የውቅያኖስ ወለል ወደ ዩሬዢያ ሥር እየሰመጠ ነበር። ሙቀት መንገድ ያዘጋጃል፤ መጎተት ከሌለ ግን ማንም በዚያ መንገድ አይሄድም። ማግማን ብቻውን የመሰንጠቅ ባለቤት የሚያደርጉ ጽሑፎች ይህን የ20 ሚሊዮን ዓመት ልዩነት ሊመልሱ ይገባቸዋል።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሮጀር በክ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ስሌት ሁለቱን ያስታርቃል። አለት ሲለጠጥ ሊበጠስ የሚችለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስብራት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ፣ ይህን ፍትጊያ ማሸነፍ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ሁለተኛው ማግማ በቁም ግድግዳ መልክ ገብቶ ሁለቱን ወገኖች ሲለያያቸው ነው፤ ይህ የማግማ ግድግዳ ዳይክ ይባላል። በጠንካራ ግንድ ላይ ሽብልቅ እንደሚሠራው ማግማም በገዛ ግፊቱ ክፍተቱን ይዞ ያቆማል፤ ስለዚህ ፕሌቶቹ ትንሽ መጎተት ብቻ ይበቃቸዋል። በበክ ስሌት ወፍራም ሊቶስፌርን ለመክፈት የሚያስፈልገው ኃይል በዚህ መንገድ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ሊወርድ ይችላል። በመጀመሪያው አንቀጽ ያየነው ጉድለት የሚሞላው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ማግማው በበቂ መጠንና በበቂ ግፊት እስከ ቅርፊቱ ድረስ መድረስ አለበት።

ይህ እውን በመሬት ውስጥ እየሆነ ነው ወይ? እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከብሪታንያና ከአሜሪካ ተቋማት ጋር በመሆን ኢግል በሚባለው ፕሮጀክት የስምጥ ሸለቆውን ውስጥ በርዕደ መሬት መሣሪያዎች መረመረ። የተገኘው ሥዕል ግልጽ ነበር። በሸለቆው ወለል ላይ፣ ወጣት ስንጥቆችና እሳተ ገሞራዎች በተሰለፉበት በወንጂ የስብራት ቀበቶ ሥር፣ ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ጀምሮ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፉና 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙ፣ ከአካባቢያቸው የጠጠሩና የከበዱ አካላት ተደርድረዋል። ከዘመናት ጀምሮ የገባ ማግማ የጠጠረባቸው ናቸው። ከዚያም በታች በማንትሉ ውስጥ ቅልጡ ከሸለቆው አቅጣጫ ጋር ተሰልፎ እንደሚገኝ ከሞገዶቹ አካሄድ ታወቀ።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ሌላ ነው። ከጣርማ በርና ከአንኮበር ቁልቁል የሚታየው ያ ግዙፍ ገደል፣ የስምጥ ሸለቆ ሲባል ሁላችንም የምናስበው፣ ዛሬ ዋናውን ሥራ አይሠራም። አብዛኛው መስፋት ወደ ሸለቆው ወለል፣ ወደ ጠባቡ የወንጂ ቀበቶ ተዛውሯል። በመጀመሪያ ትልልቅ ስብራቶች ጎኑን ከፈቱት፤ ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ደግሞ ማግማ ሥራውን ተረከበ። ይህ ማለት ግን ጎኑ ሞቷል ማለት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያወደመውና ካራ ቆሬን ክፉኛ የጎዳው ርዕደ መሬት የተነሣው ከዚሁ ከምዕራቡ የአፋር ጠርዝ ነው። የአዲስ አበባን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን በአገራችንና በአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ የሰበሰቡት መረጃ ዛሬም ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የመጀመሪያው ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን አደረገች። ከመስከረም 4 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአፋር፣ ዳባሁ በሚባለው ተራራ አካባቢ መሬቱ መናወጥ ያዘ። እስከ መስከረም 24 ድረስ መጠናቸው ከ3.9 የሚበልጥ ከ160 በላይ ርዕደ መሬቶች ተመዘገቡ። መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት፣ ዳዑሬ በሚባለው ቦታ 500 ሜትር ያህል የሚረዝም አፍ ተከፍቶ አመድ ወጣ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ሸሹ። አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉን ጨምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ቦታው ሄዱ፤ ተመራማሪው ቲም ራይትና ጓደኞቹም ከሳተላይት በተወሰዱ የራዳር ምስሎች መሬቱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ለኩ። ውጤቱ በመላው ዓለም የሚገኙ የመስኩን ባለሙያዎች አስደነገጠ። 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዳይክ በሳምንታት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በሰፋበት ቦታ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፍቶታል። የገባው ማግማ 2.5 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ወደ ላይ የወጣው ግን ጥቂት አመድና ድንጋይ ብቻ ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ ወሳኙ ንጽጽር ነው። የርዕደ መሬቶቹን ጉልበት ሁሉ ቢደምሩት መሬቱ ከተንቀሳቀሰው አሥር አንዱን እንኳ አያስረዳም። የቀረውን የሠራው በጸጥታ የገባው ማግማ ነው። ዓረቢያና የኑቢያ ፕሌት በዚያ በኩል በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ 8 ሜትር ማለት ከ400 ዓመት ያላነሰ የተጠራቀመ ዕዳ በአንድ ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። ታሪኩም በዚያ አላበቃም፤ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ሌሎች 13 ትንንሽ ዳይኮች በዚያው ክፍል ገቡ፤ ጥቂቶቹም ላቫ አፈሰሱ። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1984 በአይስላንድ ክራፍላ የታየውም ተመሳሳይ ነበር፤ ክራፍላ ግን የውቅያኖስ ሸንተረር ክፍል ነው። በአፋር የታየው ገና አህጉር የሆነ፣ ወደ ውቅያኖስነት የሚሸጋገር መሬት ነው። በዳናኪል ቅርፊቱ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳስቷል፤ ከአምባው ሥር ያለው ግን ከ40 ኪሎ ሜትር አያንስም።

እዚህ ላይ የማግማን ሁለተኛ ባሕርይ ማየት ግድ ይላል። አንድ ሜትር የሚሰፋ ዳይክ በቀናት ውስጥ ይጠጥራል፤ የዳባሁን ያህል የሰፋ ደግሞ ወራትንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሲጠጥር ሙቀቱን ለአካባቢው አለት ይለግሳል፣ ያም አለት ይላላል። ሌላ ዳይክ ቶሎ ከመጣ ሙቀቱ ይደራረባል፤ ፕሌቱ በዚያ መስመር ከጎንና ከጎን ካለው ይልቅ ደካማ ሆኖ ይቆያል፣ መጎተቱም እዚያው ይሰበሰባል። ቶሎ ካልመጣ ግን የጠጠረው ማግማ ጥቁርና ጠንካራ ጋብሮ ሆኖ ይቀመጣል። ጋብሮ ከተለመደው የአህጉር ቅርፊት አለት ይበልጥ ጠንካራ ነው። ያኔ የተሰነጠቀው መስመር ከዙሪያው የጠነከረ ጠባሳ ይሆናል።

የዚህ ጠባሳ ታላቁ ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ መሃል አለ። ከ1.1 ቢሊዮን ዓመት በፊት አህጉሩ ከዛሬዋ ካንሳስ እስከ ሱፒሪየር ሐይቅና ወደ ሚሺገን በሚዘልቅ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም መስመር መከፈት ጀመረ። የፈሰሰው ባዛልት ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ በላይ ነው፤ ከኢትዮጵያው በብዙ ይበልጣል። በኪዊናው ልሳነ ምድር የተገኘው ዝነኛ የመዳብ ማዕድን ያደረው በዚሁ ላቫ ውስጥ ነው። አህጉሩ ግን አልተከፈለም። ስንጥቁ ቆመ፤ ማግማው ጠጠረ። ዛሬ አብዛኛው ርዝመቱ የሚታወቀው በስበት ካርታ ላይ እንደ ጥቁር ጅራፍ በሚታየው ከባድ አለት ነው። ማግማ በብዛት መኖሩ ብቻ ቢበቃ ኖሮ የአሜሪካ መሃል ዛሬ ውቅያኖስ ይሆን ነበር።

ተቃራኒውም አለ፤ ማግማ ሳይበዛ የተከፈለ አህጉር። ኢቤሪያና ኒውፋውንድላንድ ሲለያዩ ማግማ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ፕሌቱ እየሳሳ ሄዶ የማንትል አለት ራሱ በባሕር ወለል ላይ እስኪገለጥ ድረስ ተለጠጠ። ይህ ግን ረጅም ዘመን ጠየቀ። በአፍሪካም የምዕራቡ የስምጥ ሸለቆ ቅርንጫፍ ከቪሩንጋና ከጥቂት ቦታዎች በቀር ማግማ ያነሰው ነው። ታንጋኒካ ሐይቅ 1,470 ሜትር የሚጠልቀው በታላላቅ ስብራቶች እንጂ በዳይኮች ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ቅርንጫፍ ርዕደ መሬቶች ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ይነሣሉ። ፕሌቱ እስከዚያ ጥልቀት ድረስ ቀዝቃዛና ተሰባሪ ነው ማለት ነው። ይህ የምዕራቡ ቅርንጫፍና ማግማ የሚበዛበት የምሥራቁ ቅርንጫፍ በአንድ ፕሌት ላይ፣ በተቀራራቢ መጎተት ሥር ሆነው እንዲህ መለያየታቸው ማግማ ምን እንደሚቀይር ለመመዘን ከየትኛውም ሞዴል የተሻለ ሚዛን ነው።

ሁለቱን ቅርንጫፎች የሚለያቸው የታንዛኒያ ክራቶን ነው፤ ስንጥቁ በመሃሉ ማለፍ ስላልቻለ በግራና በቀኝ ዞሮታል። ዳር ዳሩ ግን እየተነካ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በሰሜን ታንዛኒያ፣ በናትሮን ሐይቅ አጠገብ፣ በመጀመሪያ አንድ ስብራት ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ዳይክ ገባ፤ ከዚያም ኦልዶኒዮ ሌንጋይ የተባለው እሳተ ገሞራ በኃይል ፈነዳ። ስብራት ለማግማ በር ሲከፍት፣ ማግማም ስብራቱን ሲያሳርፍ በቅደም ተከተል የታየበት ነው። ኦልዶኒዮ ሌንጋይ ራሱ ልዩ ነው። በዓለም ላይ ዛሬ የካርቦኔት ላቫ የሚያፈስ ብቸኛው እሳተ ገሞራ ነው፤ የላቫው ሙቀት ከተለመደው ባዛልት ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ያ ካርቦን ከየት መጣ? በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ትንንሽ ቅልጦች ወደ ክራቶኑ ሥር እየገቡ ካርቦን ሲያጠራቅሙበት ቆይተዋል። አሁን ሥሩ ሲነካና ሲሞቅ ያ ክምችት ቀድሞ ይቀልጣል፤ ምክንያቱም ካርቦን ያለበት አለት በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከማጋዲና ከናትሮን አካባቢ በስብራቶች በኩል ብቻ በዓመት 4 ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ ገምቷል። እንግዲህ ክራቶን ጠላቱን በገዛ ሥሩ አከማችቶ የኖረ ነው።

ክራቶን ፈጽሞ ሊፈርስ ይችላልን? ከሁሉ የጠራው ማስረጃ በሰሜን ቻይና ነው። በሻንዶንግ በመንግዪን፣ በልያዎኒንግ ደግሞ በፉሽየን የሚገኙ፣ ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈነዱ፣ ኪምበርላይት የሚባሉ ከጥልቅ የሚወጡ የእሳተ ገሞራ አለቶች አልማዝ ይዘው ወጥተዋል። አልማዝ ጸንቶ የሚኖረው ከ150 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች፣ በቀዝቃዛ ሥር ውስጥ ስለሆነ ያኔ ክራቶኑ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይወፍር ነበር። ከዚያ ብዙ ዘግይተው የፈሰሱ ባዛልቶች ነቅለው ያመጧቸው የማንትል ስባሪዎች ግን ሌላ ይናገራሉ፤ ሊቶስፌሩ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ዓይነቱም ወጣት ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሥር ጠፍቷል። ጥፋቱ የበረታው ከ125 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዋናው ተጠርጣሪ ከምሥራቅ በኩል ከአህጉሩ ሥር ይሰምጥ የነበረው የጥንቱ የፓስፊክ ፕሌት ነው፤ ይዞት የወረደው ውሃ ማንትሉን አርሷል፣ አቅልጧል፣ ቅልጡም ሥሩን ቀይሮታል። ሥሩ በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ሰመጠ የሚሉና ከሥር ቀስ በቀስ ተበላ የሚሉ ወገኖች ለዓመታት ተከራክረዋል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ከአልማዙ ዘመን የቀሩ የጥንቱ ሥር ቁርጥራጮች በአንዳንድ ስባሪዎች ውስጥ አሁንም ከአዲሱ ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉና። የክራቶኑ ምዕራባዊ ክፍል፣ ኦርዶስ፣ ግን ዛሬም ወፍራምና የተረጋጋ ነው። በምሥራቁ በኩል እ.ኤ.አ. በ1976 ታንግሻንን ያወደመውና በይፋዊ ቆጠራ 242,000 ያህል ሰው የገደለው ርዕደ መሬት የተነሣው «ጥንታዊና የተረጋጋ» በሚባል መሬት ላይ ነው። ለአንድ አገር ሰዎች ከሥራቸው ያለው ሥር መጥፋቱ የሩቅ ጂኦሎጂ ብቻ እንዳልሆነ ይህ በቂ ማሳያ ይመስለኛል።

አህጉር ከተከፈለ በኋላም ሥሩ አያርፍም። የሳውዝሃምፕተኑ ቶማስ ጌርነንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች ከስንጥቁ ጠርዝ የሚጀምር የማንትል መናወጥ ቀስ እያለ ወደ አህጉሩ ውስጥ እንደሚጓዝና በሄደበት የሥሩን ታችኛ ክፍል እየላጠ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ኪምበርላይቶች ከመከፈል በኋላ 25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዘግይተው ከባሕሩ ርቀው የሚፈነዱት፣ የሩቅ አምባዎችም ከፍ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። ሐሳቡ አዲስ ስለሆነ ገና መፈተን አለበት፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ ለየብቻ ይታዩ የነበሩ ነገሮችን ያገናኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው የምርምር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል መሬቱ ተናወጠ፤ በታኅሣሥ ከዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ወጣ፤ የካቲት 7 ሌሊት መጠኑ 6.0 የደረሰ ርዕደ መሬት ተመዘገበ። አዲስ አበባ ድረስ ሕንፃዎች ተንቀጠቀጡ፤ በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ሳተላይቶቹ ያሳዩት ከዳባሁ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ ቁም የማግማ ግድግዳ ከፈንታሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ገብቷል፣ ላቫ ግን ወደ ላይ አልወጣም። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 14 ደግሞ በኤርታ አሌ ሰንሰለት ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን አቋርጦ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ የአፍዴራ አካባቢ ነዋሪዎች ግጦሻቸው በአመድ ተሸፈነ።

የፈንታሌው ጉዳይ ከአፋሩ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ለንድፈ ሐሳቡ ፈተና፣ ለሕዝቡም ሥጋት ነው። በዋናው ስምጥ ሸለቆ ፕሌቶቹ የሚራራቁት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሜትር የሚከፍት ዳይክ የ200 ዓመት መጎተት ይጠርጋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ላይ እንዲህ ያለው ነገር በሰው ዕድሜ አንዴም ላይታይ ይችላል፤ ከፈንታሌ የወጣው የመጨረሻው ላቫ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በሁለት ዳይኮች መካከል ያለው ጊዜ እንዲህ ከረዘመ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል። ታዲያ ቀበቶው እንዴት ደካማ ሆኖ ይቆያል? አሳማኙ መልስ ሙቀቱ የሚጠበቀው ከላይ ባሉት ቀጫጭን ዳይኮች ሳይሆን ከ10 ኪሎ ሜትር በታች በሚከማቸው ማግማ ነው የሚለው ነው። ይህን የሚያረጋግጠው ወይም የሚያፈርሰው ቀጣይ ልኬት ነው፤ መሬቱ ከዳይኩ በኋላ ባሉት ዓመታት እንዴት ዝቅና ከፍ እንደሚል፣ ከሥር አዲስ ማግማ እየተሞላ መሆን አለመሆኑ።

ለዚህ ልኬት የሚያስፈልጉት ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎችና የርዕደ መሬት መቅረጫዎች ከመተሐራ እስከ አዳማ፣ ከቦሰትና ከገደምሳ እስከ አሉቶ ድረስ ተቀራርበው መተከል አለባቸው፤ ሳተላይት ቀናትን እየዘለለ ስለሚያይ በሰዓታት የሚጓዝን ማግማ አይከተልም። በዚያው መስመር ላይ የጅቡቲ መንገድና ባቡር ያልፋሉ፣ የከሰም ግድብ ከዶፈን ብዙ ሳይርቅ ውሃ ይዟል፣ አዳማም በየዓመቱ ወደ ስንጥቆቹ እየሰፋች ነው። ከፈንታሌ በስተደቡብ ያሉት የወንጂ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከመጨረሻው ዳይካቸው ወዲህ ስንት ሜትር መጎተት እንዳጠራቀሙ ለማስላት አስፈላጊው ዘዴ በእጃችን አለ፤ የላቫዎቹን ዕድሜ በመለካትና ስንጥቆቹን በመቆፈር በጥቂት የመስክ ዘመኖች ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።